ልጄን ለፀሐይ ስትሰግድ ያዝኳት
ትናንት ጠዋት... ልጄ ሄርሜላ የምሳ ዕቃዋን ረስታ ወጥታ፣ እየሮጥኩ ትምህርት ቤቷ ደረስኩ። የክፍሏ በር ገርበብ ብሏል። አጮልቄ ሳይ ክው አልኩ!

ልጆቹ በሙሉ ተንበርክከው፣ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው፣ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው... ስግደት ነው። የለየለት ስግደት! ፊት ለፊታቸው ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰፌድ የምታክል ቢጫ ፀሐይ ተስላለች። የኔዋ የፊተኛው ረድፍ ላይ ናት።

ይቺ ልጅ እንቅልፍ ከነሳችኝ ሰንብታለች። ሁለተኛ ክፍል ናት፣ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አልሆነላትም። ባለፈው አስተማሪዋ ጠርታኝ «እንዲህ ከቀጠለች ፎርደርሹለ መግባቷ ነው» አለችኝ። ትምህርት የሚከብዳቸው ልጆች የሚላኩበት ልዩ ትምህርት ቤት ነው። አንዴ ከገቡ መመለሱ እንዴት ከባድ እንደሆነ እዚህ ፍራንክፈርት ያለን እናቶች እናውቀዋለን። ስንት ስለት ተስዬላታለሁ! እና እሷ ለፀሐይ ትስገድ?

ከነጫማዬ ምንጣፋቸው ላይ ወጣሁ። «ሄርሜላ! ተነሺ!»

ቀና ብላ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። «ማሚ፣ ፕስስት! ቪር ማኸን ዮጋ!» ዮጋ እየሠራን ነው ማለቷ ነው።

አስተማሪዋ ፍራው ቤከር ረጋ ብላ መጣች። «ከንባብ በፊት ነው የምንሠራው። በጥልቀት ተንፍሰው ሰውነታቸው ሲያርፍ ሐሳባቸውም ይሰበሰባል። በተለይ ሄርሜላን ረድቷታል።»

«እኛ የምንሰግደው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው!» አልኩ በተሰባበረች ጀርመንኛዬ።

አልተከራከረችኝም። «እሺ፣ አጠገብዎ ትቀመጥ። እርስዎ ግን ንባቡን ሰምተው ይሂዱ።» በሩ አጠገብ ያለች አግዳሚ ላይ ልጄን ይዤ በድል አድራጊነት ተቀመጥኩ።

ድሌ ብዙም አልቆየም። ተራዋ ሲደርስ አንድ መስመር አነበበች፣ ሁለተኛውን ዘለለች፣ በመስኮት ወፍ አየች... የት እንዳቆመች ጠፋባት። አንዱ ልጅ ሳቀባት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። በገዛ እጄ ፎርደርሹለ ልከታት ነው!

«ማሚ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ዛሬ እኮ በደንብ አልተነፈስኩም።»

ጭንቅ ነው። መምህረ ንስሐዬ ቢሰሙ ምን ይላሉ? ልጄስ? ቢጨንቀኝ «በቃ ጀርባሽን ለፀሐይዋ ስጪና ሥሪው» አልኳት።

ወደ በሩ ዞራ በግንባሯ ተደፋች። ሌሎቹም ልጆች አይተው፣ እነሱም ዞረው ተደፉ። በሩ ጋ የተቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ! አሁን ክፍሉ በሙሉ የሚሰግደው ለኔ ሆነ... ይቅር በለኝ አምላኬ።

ሲነሡ ሄርሜላ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ጀመረች። ተንተባተበች፣ አንድ ሁለት ቃል ተሳሳተች፣ ግን ገጹን ጨረሰችው። ሙሉ ገጽ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ደስታዬን ሳልጨርስ ጉልበቴን ጫን አድርጋ ያዘችኝ። «ማሚ፣ አንቺም ተንፍሺ። እግርሽ አግዳሚውን እያንቀጠቀጠው ነው።»

ዝቅ ብዬ ሳይ እውነቷን ነው። ቀና ስል ፍራው ቤከር እያየችኝ ነው።

ለካ ፎርደርሹለ መግባት የነበረብኝ እኔ ነኝ!