ጎማ ውስጥ የበቀለው ገብስ

እናቴ ያንን ገብስ ዘርታው ነው ወይስ ከእጇ አምልጧት? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ደብረ ታቦር የተከራየሁት ክፍል ከፎቁ ጫፍ፣ ከቆርቆሮው ሥር ነው። ጣሪያው በአንድ በኩል ዝቅ ስለሚል አልጋዬን የማነጥፈው አጎንብሼ ነው። የወደድኩት በሰገነቱ ነው፤ በሬን ስከፍት ለእኔ ብቻ የተተወ ሰፊ ደጅ አለ። የባጃጁ ጩኸት ከታች ይቀራል፤ ሰማዩ ከጠራ የጉና ተራራ ፊት ለፊት ይታያል። እኩዮቼ ልጅ አዝለው ወንዝ ሲወርዱ እኔ ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ተቀምጬ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ። ብቻዬን የማነብበት ቦታ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። ወንበሬን ጥላው ከሚጀምርበት አኖርኩ፤ ማንም እንዲያንቀሳቅስብኝ አልፈልግም ነበር።

ግንቦት ላይ እናቴ ከጉና ሥር ለሕክምና መጣች። ብርዱ ደረቷን ጎድቷታል፤ ሐኪሙም ክረምቱን እዚያ ባታሳልፍ ይሻላል አላት። ደረጃውን እያረፈች ወጥታ ሰገነቱን ስታይ ሳቀች።

“ይኼማ ማማ ነው። ወፍ ልትጠብቂ ነው የተከራየሽው?”

“ላነብበት ነው፣ እማየ።”

“እንግዲያ ወፉን እኔ እጠብቅልሻለሁ።”

በማግስቱ ለበሶ ያመጣችውን ገብስ አጥባ፣ ወንበሬ ከነበረበት ቦታ ላይ አሰጣችው። ወንበሬ ወደ ጥግ ሄደ። ግቢያቸው ፀሐይ የማያገኝ የታች ተከራዮችም ይህንን አይተው በርበሬና ብቅል ተሸክመው ይወጡ ጀመር። እናቴ ዘንግ ይዛ መሐሉ ላይ ትቀመጣለች፤ እርግብ ሲያርፍ “እሽ” ትላለች። አንድ ቀን አከራያችን ወጡ።

“እናታችን፣ ፎቁን አውድማ አደረጉት እኮ” አሏት።

“ሲወቃ ድርሻዎን ይወስዳሉ” አለቻቸው።

ያነበብኩትን መስመር “እሽ” ሲያቋርጥብኝ ከላይ እጀምራለሁ። ቢሆንም ከሥራ ስመለስ፣ ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ ድምጿን መስማት ለምጄ ነበር። ከዚያ በፊት ቤቴ ሰው ጠብቆኝ አያውቅም።

ሰኔ ሲገባ የእርሻ ጊዜ ነው፣ ልሂድ አለች። አብሯት የሚኖረው ወንድሜ እንደሚዘራው ነገርኳት።

“እሱማ ይዘራል። እኔ ካላየሁት ግን የተዘራ አይመስለኝም።”

ልብሷን ስትጠቀልል ቆሜ አየኋት። ማለት የነበረብኝ አጭር ነገር ነው፤ ከእኔ ጋር ክረሚ። ስንት መጽሐፍ አንብቤ ይህችን ማውጣት አቃተኝ። እኛ ቤት እንዲህ ያለው አይነገርም። ጋቢዬን ደረብኩላትና ሚኒባሱ ድረስ ሸኘኋት።

ከመሄዷ በፊት ሰገነቱን ጠርጋ ነበር። ጥግ ላይ የቀድሞው ተከራይ አፈር ሞልቶ አበባ የተከለበት አሮጌ የመኪና ጎማ አለ፤ አበባው ከደረቀ ቆይቷል። ጥራጊውን እሱ ውስጥ ደፋችው። ዝናቡ ሲበረታ ከዚያ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። አረም መስሎኝ ልነቅለው ጎንበስ ስል ቅጠሉን አወቅሁት። በአንድ በኩል እንደተደፋ ጥራጊ ጥቅጥቅ ብሏል፤ በሌላው በኩል ግን በእጅ የተበተነ ያህል ተራርቆ በቅሏል። ብዙ ጊዜ ቁጢጥ ብዬ አየሁት፤ ዘርታው ይሁን አምልጧት መለየት አልቻልኩም።

ለማንም ሳልነግር ከረምኩ። ብነግራት “ጥራጊ ነው፣ ንቀይው” እንዳትለኝ ፈራሁ። በስልክ ስለ ሳሏ እጠይቃታለሁ፤ “ድኛለሁ” እያለች ስትስል እሰማታለሁ።

መስከረም ላይ ገብሱ አሸተ፤ እርግቦቹም ተመለሱ። መጽሐፌን አስቀምጬ “እሽ” ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ልክ የእሷ ነው። ያኔውኑ ደወልኩላት።

“እማየ፣ ጎማው ውስጥ ገብስ አሽቷል።”

“የትኛው ጎማ?”

“ጥራጊ የደፋሽበት።”

“ወፍ እየበላው ነዋ” አለች።

“እየበላው ነው። እኔ መጠበቁን አልቻልኩበትም።” ከዚያ ስልኩን አጥብቄ ይዤ የቀረውን ነገርኳት። “ስትሄጂ ከእኔ ጋር ክረሚ ልልሽ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። አሁን መጥተሽ አብረሽኝ ብትኖሪ እወዳለሁ።”

ከወዲያ ለወንድሜ “በቅሎዋን ለነገ ጫንልኝ” ስትል ተሰማኝ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

“ማጭድ አለሽ?”

“የለኝም።”

“እንግዲያ ይዤ እመጣለሁ።”