ዘነዘናው ላይ የቆመው ጡሩንባ

ሚዛን ተፈሪ ገበያው ዳር ሱቅ ነበረኝ። ሱቅ ስል ትልቅ ነገር አታስቡ፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ። ፊደል እንኳ የለየሁት ከሳሙና ካርቶን ላይ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፌ ሳሙና ሳሙና ቢሸታችሁ አትፍረዱብኝ።

በዚያ አገር ድንጋይ አለቀ ተብሎ አይጣልም። ሬዲዮው ማንቋረር ሲጀምር ድንጋዩን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ፀሐይ ደግሞ እኛ ዘንድ እንደ ሩቅ ዘመድ ናት፤ በር ላይ ብቅ ብላ ሳትቀመጥ ትሄዳለች። ብልጦቹ ታዲያ ድንጋዩን ከቀይ ቡናው ጋር ማድረቂያው አልጋ ላይ ይደረድሩታል፤ ዝናብ ሲመጣ አብሮ ይሸፈናል። የሞተው ድንጋይ ነፍስ ዘርቶ ግማሽ ዜና ያሰማና እንደገና ይሞታል። አዲስ ለሚሸጥ ሰው ይህ ልማድ ጠላት ነው።

ሰውየው የመጣብኝ በዚህ በኩል ነው። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ አምጥተው ቴፒ አጠገብ ካሰፈሯቸው ሰዎች አንዱ ነበር፣ አዝማሪ። በአንድ እጁ ማሲንቆ፣ በሌላው ዘነዘና ይዞ የሱቄ በር ላይ ቆመ።

«ወንድምዬ፣ ያለቀ ድንጋይ አለህ?»

«የምሸጠው ያላለቀውን ነው።»

«ያላለቀውማ ያላለቀ ገንዘብ ይጠይቃል።»

ሳቄ መጣና በርጩማ ሰጠሁት። ዘነዘና ይዞ የሚዞር አዝማሪ አይቼ ስለማላውቅ፣ ምን እንደሚወቅጥ ጠየቅሁት። የነገረኝ ይህ ነው። ከድርቁ መጠለያ ሲጭኗቸው እሱን በአንዱ መኪና፣ ሚስቱንና ልጁን በሌላው ጫኑ። ሙቀጫው እሷ እጅ ነበር፣ ዘነዘናው እሱ እጅ ቀረ። «ስንወርድ እንገናኛለን» ተባብለው ተለያዩ። የእሷ መኪና የት እንዳወረዳት ግን የሚያውቅ ጠፋ። አንዱ ሹም ወደ ሌላው ሹም ሲልከው ዓመታት አለፉ። ልጁ ያኔ እስከ አባቱ ደረት የሚደርስ ነበር፤ አሁን በሕይወት ካለ ቁመቱ አባቱን ይዟል።

ስለዚህ በየገበያው እየዞረ ይዘፍናል። ዘፈኑ ብዙ ነው፤ ማሠሪያው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦

ሙቀጫው ካንቺ ጋር፣ ዘነዘናው ከኔ፣
ምን ይወቀጥበት ብቻውን፣ ወገኔ።

ሰው ይስቅለታል። ሙቀጫና ዘነዘና ሲባል ሰው የሚያስበውን ያስባል። እሱ ግን ግጥሙን የገጠመው ለአንድ ሰው ነው።

ችግሩ ድምፁ ነበር። ወባ ቆላው ላይ ደጋግሞ ደቁሶት ደረቱ ባዶ ቀርቷል። ድምፁ ከሦስት ሽንኩርት ሻጭ አያልፍም። «በግርግር መሀል ፊቴን አታየኝም» አለኝ፣ «መልኬም ጠፍቷል። ድምፄን ከሰማች ግን የያዘችውን ጥላ ትመጣለች። የሚያጎላልኝ ነገር ነው የምፈልገው። ቀላል ይሁን፣ ብቻዬን የምሸከመው።»

ከሱቄ ጎን ሬዲዮ ጠጋኝ አለ። የአገሩ ተወላጅ ነው፣ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት የሚያዘምር፣ በቀረው ቀን ራሱን የሚያወድስ። ሬዲዮ ጠግኖ ሲጨርስ ሁልጊዜ ጥቂት ብሎን ይተርፈዋል። ምነው ሲሉት «ፋብሪካው አብዝቶ ነው» ይላል። ነገሩን ስነግረው እጁን አፋተገ።

ጡሩንባውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የጂማ መኪና ይዞት ከመጣው ቁርጥራጭ ብረት መሀል አገኘሁት፤ ከተገለበጠ የቅስቀሳ መኪና ላይ የተረፈ ነው አሉኝ። ማጉያውን ጠጋኙ በድንጋይ ከሚሠራ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ ሆድ ውስጥ ጎለጎለው። መናገሪያው የስልክ እጀታ ነበር። የማን ስልክ እንደሆነ እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

መጀመሪያ የሠራው ነገር የዋንዛ ሣጥንና የመኪና ባትሪ ያለው ነበር። አዝማሪው አነሳውና መልሶ አስቀመጠው። «ይሄን ተሸክሜ የምዘፍነው ለገዛ ቀብሬ ነው» አለ። ጠጋኙ አኮረፈ። ሁለት የገበያ ቀን አላናገረንም።

በመካከሉ ወደ ደጋው፣ ወደ ጌጫ፣ ጨው ይዤ ወጥቼ ስመለስ ቀርከሃ አመጣሁ። ለማሲንቆውም የፈረስ ጭራ ይዤለት መጣሁ፤ ቆላው ገንዲ የሚሉት የዝንብ በሽታ ስላለበት ፈረስ አያኖርም፣ እሱም በተበጣጠሰ ጭራ ነበር የሚመታው። ቀርከሃው ኩርፊያውን ፈታው። ሣጥኑ ቀረና ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የተሠራ፣ በጀርባ የሚታዘል ቅርጫት ሆነ። ማንገቻው የጎማ የውስጥ ላስቲክ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ድንጋዩ ነው፤ አንዱ የቀርከሃ አንጓ ውስጥ ራስና ግርጌ ተገጣጥሞ ሲገባ ለእሱ ተለክቶ የበቀለ ይመስል ነበር። ጫፍና ጫፉን በቆርቆሮ ምላስና በተጠመጠመ ሽቦ ዘጋው። ሽቦዎቹን እርጥበት እንዳይበላቸው በማር ሰም ለበጣቸው። ጡሩንባው የሚቆምበት እንጨት ሲያስፈልግ አዝማሪው ዘነዘናውን ዘረጋልን። ለስላሳ ጭቃ ላይ ቢተክሉት ቀጥ ብሎ ይቆማል።

አዲስ ድንጋይ ከመደርደሪያዬ አወረድኩ። ጠጋኙ አፈጠጠብኝ።

«አሞሃል እንዴ?»

«ያለቀውን ብሰጠው ግማሹን ስንኝ ብቻ ነው ሚስቱ የምትሰማው።»

ጓሮ ሞከርነው። አዝማሪው እጀታውን አፉ ላይ አድርጎ አንዲት ስንኝ ለቀቀ፤ የጠጋኙ ዶሮዎች አጥር ዘለው ጠፉ፣ እኛ በሳቅ ሞትን። ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፣ ግን ግዙፍ ነው። ሰውየው እጀታውን አየው፣ ጡሩንባውን አየው።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«ድምፁ ያንተ፣ ጉልበቱ የኔ» አለ ጠጋኙ። «ስማኝ አንተ፣ ገበያ ስትደርስ ዘለህ ዘፈን አትጀምር። መጀመሪያ ይሞከራል። ሀሎ ሀሎ፣ አንድ ሁለት። ማሽን ወግ አለው።»

በቴፒ የገበያ ቀን ሦስታችንም የጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ወረድን። ገበያው ሞልቷል። ሙዝ፣ ቆጮ፣ ኮረሪማ፣ ቡና ገዢዎች ሚዛናቸውን ሰቅለው ይጮኻሉ። አዝማሪው መሀሉ ላይ ዘነዘናውን ተከለ፣ ጡሩንባውን ከላዩ አሠረ፣ ቅርጫቱን አዘለ። ነጠላውን አስተካከለ። ደግሞ አስተካከለ።

«አብሽር» አልኩት በአገሩ በወሎ አነጋገር።

«ሀሎ፣ ሀሎ» አለ። «አንድ፣ ሁለት።»

በዚያን ዘመን ገበያ የቆማችሁ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ጡሩንባ ያኔ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፤ ወይ ስብሰባ፣ ወይ ጎረምሳ ለጦር ሜዳ የሚለቀምበት አፈሳ። እኛም እናውቅ ነበር እኮ። ግን ያን ሁሉ ጊዜ ስንለብጥና ስናስር በዓይናችን ማሲንቆ ብቻ ነበር የሚታየን።

«አፈሳ!» አለች አንዷ።

ከዚያ በኋላ ገበያ አልነበረም። ሴቶች ልጆቻቸውን በክንዳቸው እየጎተቱ፣ ጎረምሶች በአጥር ላይ እየዘለሉ የቡናው እርሻ ውስጥ ገቡ። ሚዛኖቹ ተሰቅለው ብቻቸውን ተወዛወዙ። አዝማሪው ምን እንደተፈጠረ ገባው መሰለኝ፤ ግን አላቆመም። ማሲንቆውን ገዘገዘ፤ እጀታውን እኔ አፉ ላይ ያዝኩለት። የሙቀጫውን ስንኝ ደጋግሞ ለባዶ ሜዳ ዘፈነ። እየዘፈነ ዓይኑ ይዞራል። የሚሮጠውን ሳይሆን የቆመ ሰው ነበር የሚፈልገው። ገመዷ የተጠላለፈ አንዲት ፍየል ብቻ ቆማ አየችው።

ሁለት ሚሊሺያዎች መጡ። አንደኛው ባዶውን ገበያ ቃኝቶ ፉጨት ለቀቀ።

«ጃል! እኛ እንኳ እንዲህ ፈጥነን በትነን አናውቅም።»

«ዘፈን ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ዘፈንህን ቤትህ ዝፈን። ድንጋዩን አምጣ።»

ከቀርከሃው አንጓ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አራግፈው ለእጅ ባትሪያቸው ወሰዱ። ሌላውን ተውልን። የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር።

ወደ ሚዛን ተፈሪ ስንመለስ አዝማሪው «የለችም» አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ሁሉ ሲሮጥ እሷ ትቆማለች። ድምፄን ሰምታ እሷ አትሮጥም። አንድም የቆመ የለም፣ አይተሃል። እዚህ አገር የለችም ማለት ነው። ወደ አገሯ ተመልሳ ይሆናል።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዝማሪው ከሰፈራው ጠፍቶ በእግሩ ወደ ሰሜን ሄደ። ጡሩንባውን ሱቄ ውስጥ ትቶ፣ ማሲንቆውንና ዘነዘናውን ይዞ። ዘነዘናው ለመንገድ ይከብድሃል ስለው «ሙቀጫው ያለበት እየሄድኩ ነው እኮ» አለኝ።

ነጋዴ ዕቃ አይጥልም። ጡሩንባውን ጨው ወደ ከረጢት ማውረጃ አደረግሁት። ለዚህ ሥራ እንኳ ከዘፈኑ ይልቅ ተስማምቶታል።

ክረምቱ ሲወጣ አንዲት ሴት ሳሙና ልትገዛ ገባች። ጡሩንባውን ስታይ ወደ በሩ አፈገፈገች።

«የቀበሌ ነው እንዴ?»

«ምን የቀበሌ፣ የጨው ነው። አትፍሪ እቴ።»

በራሷ ሳቀች። አነጋገሯ የወሎ ነው። «አይ እኔ፣ ቀልቤን ስለገፈፈኝ ነው። ባለፈው ከጌጫ ቴፒ ወርደን ገበያ መሀል እንዲህ ያለው ጮኸ። ልጄ ደርሷል፣ ጎረምሳ ነው። ጎትቼው ቡናው ውስጥ ገብተን ነጠላዬን አለበስኩት፣ ጆሮውን ሁሉ ደፈንኩት። ደግሞ ኋላ ላይ ይዘፍኑ ነበር መሰለኝ። ጉድ እኮ ነው! በዘፈን ማጥመድ ጀመሩ አልኩ።»

ሳሙናውን ልሰጣት የዘረጋሁት እጄ እዚያው ቀረ።

«ቤትሽ ሙቀጫ አለ?»

«ምነው? አለ።»

«ዘነዘናውስ?»

የሳሙናው ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት፤ የምሸሽገው ምን አለኝ። አላለቀሰችም። መጨረሻ ላይ ብቻ «ምን ነበር የሚለው?» አለች። እኔ ድምፅ የለኝም፤ ስንኙን እንዳለ ነገርኳት።

«ዋጋ የምትናገር ነው የምትመስለው» አለች። ቀጥላም «የጌጫ እንጨት ቆርጬ ነው የምወቅጥበት። ለሙቀጫው አይሆንም» አለች።

ልትከተለው አትችልም። እያንዳንዱ ኬላ ለልጇ ወጥመድ ነው። እሱንም እዚህ ናት፣ ተመለስ የሚለው የለም፤ ወደ ሰሜን በሚሄዱ ሾፌሮች ቃል ላክሁ፣ የደረሰ ይሁን ያልደረሰ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ከጌጫ በወረደች ቁጥር ሱቄ ትገባለች። ጨው ትገዛለች፣ ከሰሜን የመጣ ሰው እንዳለ ትጠይቃለች። የለም እላታለሁ። ካርቶኑ ላይ ትቀመጥና ስንኙን እንድልላት ትጠብቃለች።

ልጀምር አፌን ስከፍት፣ ውጭ የሚሰማ ሰው እንዳለ ወደ በሩ ታያለች።

«ቀስ ብለህ» ትለኛለች። «ቀስ ብለህ በለው።»