የማይቆጠሩ ተሳፋሪዎች

ማዕከል ሲባል ሰው ሕንፃ ይመስለዋል። የእኛ ማዕከል አንዲት ክፍል ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ የቋንቋ ትምህርት ክፍሉ የመጨረሻ ፎቅ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር። ዝናብ ሲመጣ መነጋገር ስለማይቻል ሥራ አቁመን ሻይ እንጠጣለን። በሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ግን ረጅም ነበር፤ የአንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ ሥራዎች የሚጠኑበት ማዕከል መሆናችንን ይናገራል። እኔ እዚያ ረዳት ነበርኩ። መተየብ፣ ስለ ደራሲው የወጣውን ሁሉ ከጋዜጣ መቁረጥ፣ ኃላፊያችን መነጽራቸውን የት እንዳስቀመጡ ማስታወስ የእኔ ድርሻ ነበር።

ደራሲው የወለጋ ሰው ነው። ነቀምት ፊዚክስ እያስተማረ፣ በብዕር ስም፣ ወደ ሌላ ኮከብ ስለሚሄዱ ሰዎች መጻሕፍት ጻፈ። ሰው አበደላቸው። እኔም ነቀምት ተማሪ ሳለሁ ሽፋኑ ተገንጥሎ በሲባጎ የተሰፋውን አንዱን መጽሐፍ ከጓደኞቼ ጋር እየተቀባበልኩ አንብቤዋለሁ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ስለጠፉ መጨረሻውን ያወቅሁት ማዕከሉ ከቀጠረኝ በኋላ ነው። ደራሲው በአብዮቱ መጀመሪያ ዓመታት አዲስ አበባ ታሞ ሞተ። መንገዱም ጊዜውም መጥፎ ስለነበር ሬሳው አገሩ አልገባም፤ እዚያው ተቀበረ። መቃብሩ ላይ በየዓመቱ አበባ የምናስቀምጠው እኛ ነበርን።

በጣም በሚወደደው መጽሐፉ ውስጥ የመንኮራኩሩ አብራሪ ተሳፋሪዎቹን አልቆጥርም ይላል። ምድር ላይ የቀሩት አለቆች በሬዲዮ “ስንት ናችሁ?” እያሉ ይጮኹበታል። እሱ “ሁላችንም አለን” ብቻ ይላቸዋል። መጽሐፉ እስኪያልቅ ይጠይቁታል፣ እስኪያልቅ ይህንኑ ይመልሳል። በዚህች ነገር ላይ ማዕከሉ ውስጥ የተጠጣው ሻይ በርሜል ይሞላል። ኃላፊያችን ሐሳቡ ከውጭ አገር ፍልስፍና የተቀዳ ነው ብለው ረጅም ጽሑፍ ጽፈዋል። አንድ መምህር ደግሞ፣ የለም፣ ሰውን እንደ ኩንታል የሚቆጥር ሥርዓትን መንቀፉ ነው አለ። ይህን ያለው ግን በሩን ዘግቶ ነው።

ጣጣው የመጣው የዩኒቨርሲቲው የውይይት ክበብ ክፍሏን ሲፈልጋት ነው። ኮሚቴ ተቀመጠና ኃላፊያችንን ጠየቃቸው፤ የዚህ ሰው የመደብ ጀርባ ምንድን ነው? ሰፊው ሕዝብስ ያውቀዋል? ከድሃ ገበሬ ቤት መወለዱን የሚመሰክር ሰው፣ ቢቻል የሥጋ ዘመድ፣ ቃሉን ይስጥ፤ አለዚያ ክፍሏን ታስረክባላችሁ ተባለ።

ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞሩ። “አገርሽ አይደል? ቋንቋውንም ታውቂያለሽ። አንድ ሰው ብቻ አምጪልኝ” አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ያቺን ክፍል እወዳት ነበር። ደግሞም ነቀምት ስለዚህ ሰው የሚነግረኝ አጣለሁ ብዬ አላሰብኩም። ከተማው በሙሉ አንብቦታል፤ ግማሹን ያስተማረው እሱ ነው።

ነቀምት ስደርስ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤዬን ለቀበሌው ሊቀ መንበር ሰጠሁ። ደጋግመው አነበቡትና “ለደኅንነትሽ” ብለው አንድ አብዮት ጠባቂ መደቡልኝ። ረጅም፣ ጨዋ ሰው ነው፤ “ጓድ” እያለ ይጠራኛል። ጠመንጃውን በአንድ ትከሻ፣ የወረቀት ቦርሳውን በሌላው አንግቶ ከኋላዬ ይከተላል። ሰው የሚለውን ሁሉ እየጻፈ ያስፈርም ነበር። ይሄኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ አልገባኝም።

መጀመሪያ የሄድነው ደራሲው ቤት ተከራይቶ ወደኖረበት፣ ወደ አንድ የጉራጌ ባለሱቅ ነው። በልጅነቴ ከረሜላ የሚመርቁልኝ ሰው ናቸው። “ጋሼ፣ ያ የፊዚክስ አስተማሪ እርስዎ ግቢ አልነበረም?” አልኳቸው።

እሳቸው ያዩት እኔን ሳይሆን ጠመንጃውን ነው። “ተከራይ መጥቶ ይሄዳል፣ የኔ ልጅ። እኔ የማውቀው ጨውና ኩራዝ ነው።”

“መጻሕፍቱንስ?”

“መጽሐፍ ደግሞ ምን ያደርግልኛል?” አሉና ስኳር መመዘን ጀመሩ። ከሚዛኑ ጀርባ፣ በጋዜጣ የተለበደ፣ በሲባጎ የተሰፋ መጽሐፍ ቆሟል። ሌላውን መጽሐፍ ሁሉ ገንጥለው በርበሬ ይጠቀልሉበታል፤ ያንን ግን አልነኩትም። እኔ አየሁት፤ እሳቸውም ማየቴን አዩ። ሁለታችንም ስለ ስኳር ማውራት ቀጠልን።

ከደራሲው ጋር አንድ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ የነበሩት መምህር “ሰላምታም አልነበረን” አሉ። ገበያ ውስጥ ያገኘናቸው ሁሉ “ሂን ቤኩ” ይሉኛል። አማርኛ የሚቀናው “አላውቀውም” ይላል። ተናደድኩ። ከተማዬ አዋረደኝ አልኩ።

ማታ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ገብቼ ብሶቴን ስዘረግፍ እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። “አንቺስ፣ እማዬ? እሁድ እሁድ እየተነበበልሽ ስትስቂ አልነበረም?”

“እኔም አላውቀውም” አለች።

“እማዬ!”

“ማኅተም ይዘሽ ከመጣሽ አንቺንም አላውቅሽም።” ከዚያ ሰፌዱን አስቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ያን የሽብር ዓመት እንደዚህ እየዞሩ ስለ ሌላ አስተማሪ ጠየቁ። አውቀዋለሁ ያለው ሁሉ በማግሥቱ ተጠራ። አስተማሪውም አልተመለሰ። ስለ ሰው ሲጠየቅ ምን እንደሚባል ከተማው ያኔ ተማረ። ይህ ልጅ ምን አድርጎ ነው ደግሞ?”

“ምንም። ሞቷል እኮ።”

“ታዲያ የሞተ ሰው ምን ይጠየቃል?” አለች። የደራሲው እናት ቆላ፣ ኡኬ እንዳሉ የነገረችኝ ስንተኛ ነው። “ከዚያ ሰውዬ ጋር ግን አትሂጂባቸው” አለችኝ።

አትሂጂ ማለት ቀላል ነው። ያለ ወረቀትና ያለ ጠባቂ ከከተማ የሚያስወጣ ኬላ አልነበረም። በመንግሥት እርሻ መኪና ላይ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀምጠን ቁልቁል ወረድን። ኡኬ ያኔ መንገዱን ተከትለው የተሰለፉ ጥቂት ቤቶች ነበረች። የሴትዮዋ ጎጆ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ በቆሎ ማሳው ጫፍ ላይ ነው።

ገና ሳያቸው አወቅኋቸው። ማዕከሉ ግድግዳ ላይ በየቀኑ አቧራ የምጠርግለት የደራሲው ፎቶ ግንባር፣ እሳቸው ላይ ነበር። ረጅሙን ሰላምታ ሰጡን፤ “ነጋዳ? ኢጆሌን ነጋዳ? ሎን ነጋዳ?” ልጆቹ፣ ከብቶቹ፣ ደህና ናቸው? ጠባቂው ከብት እንደሌለው እያወቀ ደህና ናቸው አለ። ከዚያ ወረቀቱን አውጥቶ የደራሲውን ስም ጠራ።

“ሂን ቤኩ” አሉ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

“ልጅዎ አይደለም?”

“እንዲህ የሚባል ልጅ የለኝም።”

ጠባቂው ጻፈ። ወረቀቱን ለመሙላት ያህል “ስንት ልጅ አለዎት፣ እማማ?” ብሎ ጠየቀ።

“ልጅ ይቆጠራል እንዴ? ሁሉም አሉ” አሉ።

ጠባቂው ሳቀ። እሱም የአገሩ ልጅ ነው። “ልክ ናቸው፣ ጓድ። ልጅና ከብት አይቆጠርም” አለኝ። እኔ ግን የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። በሬዲዮ ስንት ናችሁ እየተባለ ሁላችንም አለን የሚለው አብራሪ እዚያ ጎጆ በር ላይ ቆሞ ነበር። ነገሩ እኮ አዲስ አይደለም፤ የገዛ እናቴ ከተቆጠሩ ይጎድላሉ ብላ ጫጩት እንኳ አትቆጥርም። ይህን እያወቅሁ ስንት ክረምት ያቺ ክፍል ውስጥ ስለ ውጭ አገር ፍልስፍና ስተይብ ኖርኩ። ሳቄ መጣ፤ አፈርኩም።

ጠባቂው አሻራቸውን አስነክቶ ውኃ ሊጠጣ ወደ ጎረቤት ሄደ። ሴትዮዋ ራቅ እስኪል ጠበቁና እጄን ያዙ።

“የት አየነው ይላሉ?” አሉኝ በኦሮምኛ።

“ማንን፣ አዮ?” ‘እናቴ’ ማለቴ ነው።

“ሞተ ብለው ወረቀት ልከውልኝ ነበር። ሬሳ አላየሁም። ማኅተም ይዞ፣ ጠመንጃ ይዞ የሞተ ሰው የሚፈልግ አለ? የሚፈለግ ሰው ያለ ሰው ነው።” ዓይናቸው በራ። እንዲህ ያለ ደስታ ሰው ፊት ላይ ከዚያ በኋላም ብዙ አላየሁም። “ካገኘሽው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እናትህ አላውቀውም ብላለች በይው። እሱ ይገባዋል።”

መቃብሩን አይቼዋለሁ፣ አበባ አስቀምጬበታለሁ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ጠባቂው አፉን በእጅጌው እየጠረገ ተመለሰ። እጄን ከእጃቸው አወጣሁ።

በመልሱ መንገድ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ማዕከሉ የሚፈልገው ሰው ተገኝቷል፤ ድሃ ገበሬ፣ የሥጋ ዘመድ፣ ያውም እናት። ግን እናቱ ናቸው ብዬ ብጽፍ፣ አሻራቸውን ያኖሩበት ወረቀት ውሸት ይሆናል። በዚያ ዘመን ለመንግሥት የዋሸ ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ደግሞም ያ ደስታቸው ነበረ፤ እሱን የሚነካ እጅ አልነበረኝም። ሪፖርቴ ላይ “ዘመድ አልተገኘም፤ ሕዝቡም አያውቀውም” ብዬ ተየብኩ። ኃላፊያችን አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። ያን ቀን አሳዘኑኝ። እውነቱን ልነግራቸው አልደፈርኩም፤ ሰው ካወቀ ሊናገር ይችላል።

ክፍሏ ተዘጋች። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ተፋቀና የውይይት ክበቡ ገባበት። እኔን ነቀምት፣ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መደቡኝ። ባለሱቁ ያለ ጠባቂ ስመጣ ሲያዩ መጽሐፉን ከሚዛኑ ጀርባ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። “ያኔ ነገር እንዳይመጣበት ብለን እኮ ነው” አሉ። ተቀመጥኩ፤ እሳቸውም በርበሬና ሳሙና የሚገዛው ሁሉ ቆሞ እየሰማ፣ ስለ አስተማሪው ሲያወሩልኝ ዋሉ። ማዕከሉ በሕይወት ዘመኑ ያላገኘውን እኔ በአንድ ከሰዓት ሰማሁ። የት ልውሰደው?

በቆሎው ሲሰበሰብ ወደ ኡኬ ሄድኩ። አሁን የከተማው ነዋሪ ስለሆንኩ ኬላው ላይ መታወቂያዬን አሳይቼ አለፍኩ። ለምን እንደሄድኩ ለራሴ የነገርኩት፣ ከእንግዲህ ጠመንጃ ይዞ ደጃቸው የሚመጣ እንደሌለ ልነግራቸውና ከስጋት ላሳርፋቸው ነው የሚል ነበር። ተስፋቸውን እንደምወስድባቸውም ሳላውቅ አልቀረሁም።

ሴትዮዋ በቆሎ እየፈለፈሉ አገኘኋቸው። አወቁኝ። ከኋላዬ ያለውን መንገድ አዩ።

“ያ ጠመንጃ ያዡስ?”

“ብቻዬን ነኝ፣ አዮ።”

“ወረቀቱስ?”

“ወረቀትም የለኝም። የሚጠይቁበት ቤት ተዘጋ። ከእንግዲህ ማንም አይመጣብዎትም።”

እጃቸው ቆመ። “ታዲያ አሁን የሚፈልገው ማን ነው?”

አሁንም ይፈልጉታል ብል ይቻል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ግን እኚህን ሴት አንዴ በዝምታ ዋሽቻቸዋለሁ፤ ሁለተኛውን አልቻልኩም። “ማንም አይፈልገውም” አልኳቸው።

የያዙትን በቆሎ ከቅርጫቱ ጎን አስቀመጡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩት። ጎረቤት ያለች ሴት በአጥሩ ላይ ትመለከተን ነበር።

“መቃብር አለው?” አሉኝ።

“አለው። አይቼዋለሁ። ዛፍ ሥር ነው።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። “ያ ሰውዬ ስንት ልጅ አለዎት ብሎ ጠይቆኝ ነበር” አሉ።

“አዎ፣ አዮ።”

“አንድ” አሉ። “አንድ ነበረኝ።”