ያጠረው ቱቦ

አዲስ የተቆረጠ ቺፕውድ ሲሸተኝ ሳላስበው መዳፌን እዘረጋለሁ። ዛሬ ቢሮው ውስጥ መደርደሪያ ሲሠሩም እንዲሁ አደረግሁ።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ክረምቱን ባሕር ዳር፣ ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ቤት አሳለፍሁ። ባለቤቱ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ለጀልባዎቹ የድምፅ ማጉያ ሳጥን ይሠራሉ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ምንም ስለማይሰማ ሥራ አቁመን በበሩ በኩል ሐይቁን እናይ ነበር።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየርም እንደሚሠራ ነው። የሳጥኑ ስፋትና ፊቱ ላይ የሚገባው ቱቦ ርዝመት ከተስማሙ ወፍራሙ ድምፅ ይጠራል። “መዳፍሽን ቱቦው አፍ ላይ አድርጊ፤ ነፋሱ ይነግርሻል” ይሉኛል። ቱቦውን ሁልጊዜ አስረዝመው ይቆርጡና እያዳመጡ ጣት በጣት ያሳጥሩታል። “ማሳጠር ቀላል ነው። የተቀጠለ ቱቦ ግን ያፏጫል።”

አንድ ቀን ሰው ወደ ዘጌ የሚያመላልስ ባለጀልባ ሳጥን አዘዘ።

“ይኸን አንቺው ሥሪው” አሉኝ።

ቀመሬን ይዤ አሰላሁ። ቱቦውን ልክ በስሌቱ ቆርጬ በኮላ አጣበቅሁት። የድምፅ ማጉያው ማግኔት፣ የውስጥ ድጋፍ እንጨቶቹና ቱቦው ራሱ ከሳጥኑ የሚይዙትን ቦታ ግን አልቀነስሁም ነበር፤ ቱቦው አጠረ።

“ስንት ጣት አስተረፍሽ?”

“አላስተረፍሁም።”

የደረቀውን ኮላ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

ባለጀልባው ሊወስድ ሲመጣ መዝሙር ከፈትን። ከበሮው ብቻ ገንኖ የዘማሪውን ቃል ዋጠው።

“ጋሼ፣ ይኸ ከበሮ ነው በርሜል?” አለ። ወደ እኔ ዞረ። “ይቺ ተማሪ ናት የሠራችው?”

ጋሼ መዳፋቸውን ቱቦው አፍ ላይ አድርገው ቆዩ።

“እኔ ነኝ። አሳጥሬ ቆረጥሁት።”

“እርስዎ? ስንቱን ሰው ‘አስረዝም’ እያሉ ሲቆጡ የኖሩት?” ሳቀ። “እንግዲህ አርጅተዋላ።”

“አርጅቻለሁ።”

እኔ መፍቻ ይዤ ቆሜ ነበር። ጎንበስ ብዬ የጠበቀውን ብሎን እንደገና አጠበቅሁት። ባለጀልባው ሲሄድ ጋሼ ያሉኝ “የሚቀጥለውን አስረዝሚ” ብቻ ነው።

የጀልባ ሰዎች ወደሳቸው የሚመጡት ስማቸውን አምነው ነበር። በዚያው ሳምንት “የጋሼ እጅ ደክሟል” የሚለው ወሬ ማቆሚያውን አዳረሰ። ሰዎች ወሬው ከማን እንደመጣ ጠየቁኝ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርሁም።

መስከረም ጠብቶ ትምህርቴን ልጀምር ስሄድ፣ ለሚቀጥለው ሳጥን ብለው የቆረጡትን ረጅም ቱቦ ግድግዳው ላይ አስደግፈው አቆዩልኝ። የሚያዝዝ ሰው ግን አልመጣም።