እማዬን የሚያጅበው ታማሚ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... እማዬ ለለቅሶ ኮምቦልቻ ሄዳ፣ ጎሮ ባለው ቤታችን የቀረነው እኔና አባዬ ብቻ ነበርን። ቁርሱን ይዤ ሳሎን ስገባ ጃኬቱን ለብሶ፣ ስኒከሩን አስሮ በሩ ጋ ቆሟል።

«ነይ እንጂ፣ ፀሐዩ ሳይከርር» አለኝ።

ደነገጥኩ። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እግሩን የሚያውቀው ለፍሬንና ለፍሪሲዮን ነው። ሱቅ እንኳን በእግሩ ሲሄድ አይቼው አላውቅም። አምና የአንጀት ካንሰር ተገኘበትና ኦፕራሲዮን ሆኖ ኬሞ ጀመረ። ማቅለሽለሹን እንደምንም ቻለው፤ ያሸነፈው ድካሙ ነው። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል፣ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ የለም።

ዶክተሯ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንዲራመድ፣ ሲደክመው እንዲያርፍ፣ ትኩሳት ካለው ብቻ እንዳይወጣ ነግራዋለች። ግን ማን ሰምቶ... ጠያቂ ሁሉ ይረፍ እንጂ ምን ያንቀሳቅሰዋል ይላል። እሱም ሹፌር በእግሩ አይሄድም ብሎ ቀልዶ ይተኛል። አንድ ቀን ግን ያለ ቀልድ፣ ኬሞው ይብቃኝ አለ።

በማግስቱ እማዬ አዲስ ነገር ይዛ መጣች። ጉልበቷን ልትታይ ሄዳ፣ ሐኪሙ በየጠዋቱ ወክ ካላደረግሽ ጉልበትሽ ይደርቃል እንዳላት ነገረችን። ብቻዋን ደግሞ የሰፈሩን ውሻ ትፈራለች። አባዬ ሰማትና እስከ ኮብልስቶኑ ጫፍ ላድርስሽ አለ።

የመጀመሪያ ቀን ከግቢው በር ብዙም ሳይርቁ ነው የተመለሱት። አባዬ ላብ በላብ ሆኖ ሶፋው ላይ ወደቀ። ኬሞ በወሰደ ሰሞን ጭራሽ አይወጡም፣ ሻል ሲለው ደግሞ ይጀምራሉ። ቀስ በቀስ እስከ አስፋልቱ መድረስ ጀመሩ። ድካሙ አልጠፋም፣ ግን ቀለል አለው። ሌሊት እንቅልፍ ይወስደው ጀመር፤ ምግብም በራሱ አፍ ጠይቆ በላ። ይብቃኝ የሚለው ወሬ ቀረ።

እኔ የእማዬ ጉልበት አሳስቦኝ ኩሽና ውስጥ ስጨቀጭቃት ሳቀች። ለካ ሐኪምም የለ፣ የታመመ ጉልበትም የለ። አባትሽ ለራስህ ብለህ ተነስ ቢሉት አይነሳም፣ እኔን ግን ብቻዬን አይሰድደኝም አለችኝ። እንዳልነግረው አስማለችኝ።

ታዲያ ቅዳሜ እማዬ በሌለችበት ማንን ሊያጅብ ነው የተነሳው?

ተከትዬው ወጣሁ። ቀስ እያለ ተራመደና አንድ ጅምር ሕንፃ አጠገብ ብሎኬት ላይ አረፍ አለ። መድኃኒቱ ስለሚያደነዝዘው ጣቶቹን ያሻሻል። እኔም እንደ ዋዛ፣ የእማዬ ጉልበት እንዴት ነው ትላለህ አልኩት።

«እናትሽ ጉልበቷን አያማትም» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«ታውቃለህ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። እኔ ደክሞኝ ልወድቅ ስል እኮ ነው ‹ወይ ጉልበቴ፣ ትንሽ እንረፍ› የምትለኝ።»

ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት። ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ የማያውቅ ሰውዬ፣ የሚያልፉትን መኪኖች ሳያይ መሬት መሬቱን አየ።

«ስንት ዓመት መንገድ ላይ ስኖር፣ እሷ ቤት ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ ነው ያረጀችው። አሁን በየጠዋቱ ጎን ለጎን እንሄዳለን። ዛሬም የወጣሁት ስትመለስ እግሬ እንዳይለግምባት ነው። አውቄብሻለሁ ብላት ይሄ ይቀርብኛል... እንዳትነግሪያት።»

እንግዲህ ለእሱም ማልኩለት። ደግፌ አስነሳሁትና ወደ ቤት ተመለስን።

ትናንት እማዬ መጣች። ገና የሚቀረው ኬሞ አለ፣ ውጤቱን አላህ ያውቃል። ዛሬ ጠዋት ግን በመስኮት አየኋቸው... እሱ ክንዷን ይዞ፣ እሷ እያነከሰች፣ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ።

አላህ ለእኔም እንዲህ አድርጎ የሚዋሸኝ ሰው ይስጠኝ።