ጾም የማያስገድፍ መርፌ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ፣ በላቦራቶሪ የሚሠራ ስኳር ከማጣፈጥ ሌላ ምን ይጠቅማል ብላ ጠየቀችኝ። የመጽሐፉን መልስ ሰጠኋት። ወደ ቤት ስነዳ ግን ሐሳቤ በፈረንጆቹ ወደ 2020 ነሐሴ ሄደ።

ያኔ ኮሌጅ ነበርኩ። በኮሮና ምክንያት የሚሠሩበት የካዚኖ ቁማር ቤት ሥራ ስለቀነሰ፣ ዕድሜያቸውን በሺፍት ቆመው የሠሩት አባባ ሶፋ ላይ ተቀምጠው መዋል ጀመሩ። የሰፈራችን የስፕሪንግ ቫሊ የበረሃ ሙቀት እንኳን በእግር ሊያስኬድ በርም አያስከፍት። ፍልሰታ ስለነበር እማዬ ሱፍ ፍትፍት በበረዶ አቀዝቅዛ ታቀርብልን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ሱፍ የለም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የአባባ ግራ እግር አብጦ ጫማ አልገባ አለው። እጅ የሚለበልብ መሪ ይዤ ሄንደርሰን ሆስፒታል አደረስኳቸው። ጠያቂ አይገባም ስለተባለ ፓርክ አድርጌ መኪና ውስጥ ጠበቅሁ።

እግራቸው ውስጥ ደም ረግቶ ነበር። ሐኪሟ ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድል እንደሚችል ነግራቸው ደም የሚያቀጥን መርፌ አዘዘች። አባባ ደግሞ ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቁ ምንም አይወስዱም። ከአሳማ አንጀት እንደሚወጣ ሲሰሙ እምቢ አሉ። የንስሐ አባታችን በስልክ መድኃኒት ምግብ አይደለም ብለው ፈቀዱላቸው። አባባ አመስግነው ዘጉና ለእኔ ደወሉ።

“ተፈቅዶልኛል ልጄ፤ ገላዬ ግን አልተቀበለውም” አሉኝ።

ከዚያ በዚያው ዓመት በኮምፒውተር፣ እያንቀላፋሁ የተከታተልኩት ትምህርት ትዝ አለኝ። በዚያ መድኃኒት ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ክፍል የአምስት ስኳሮች አጭር ሰንሰለት ነው፤ ኬሚስቶች ያንን ብቻ ለይተው፣ እንስሳ ሳይነኩ፣ ስኳሮቹን እያያያዙ ሠርተውታል። ሐኪሟን እንዲጠይቋት ነገርኳቸው። መድኃኒቱ እንዳለና ኩላሊታቸው ጤነኛ ስለሆነ እንደሚስማማቸው ነገረቻቸው። መልሰው ደወሉ።

“ስኳር ነው የምትይኝ? ስኳር በሽታ ቢያመጣብኝስ?”

“አያመጣም አባባ። እንደሚበላው ስኳር አይደለም፤ መጠኑም በጣም ጥቂት ነው።”

“የሠሩት ሰዎች ብዙ ደክመውበታል?”

“ብዙ ዓመት።”

“እንግዲያው የሰው ድካም አይናቅም። ስኳር ደግሞ ጾም አያስገድፍም። ይውጉኝ” አሉ።

መሪው ላይ ተደፍቼ ሳቅሁም፣ አለቀስኩም።

ቤት ከገቡ በኋላ በየቀኑ የምወጋቸው እኔ ነበርኩ። ሸሚዛቸውን ገለጥ አድርገው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፤ እኔ ስወጋ እሳቸው ያጫውቱኛል። ሙቀቱ ሲበርድ እብጠቱም ጎደለ። በቀጣዩ ዓመት እያንቀላፋሁበት የነበረውን የስኳር ኬሚስትሪ ዋና ትምህርቴ አደረግሁት፤ ሥራዬም ሆኖ ቀረ።

አባባ አርጅተዋል፤ ዛሬም ፀሐይ ሳይከር ኢንስፒራዳ መናፈሻ ውስጥ ሲራመዱ ያረፍዳሉ። ቤተ ክርስቲያን ላገኙት ሰው ሁሉ “ልጄ በስኳር አዳነችኝ” ይላሉ። ቀድሞ፣ ሐኪሟ ናት ያዳነችዎት እያልኩ አርማቸው ነበር። አሁን ሳላርማቸው አጠገባቸው እቆማለሁ። ሰው የተማረው ነገር ለሚወደው ሰው የደረሰበት አንድ ቀን ካለው፣ ይበቃዋል።