ቢፈቀድልኝ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን ነው። ያ ሁሉ እስርና ግድያ ጋብ ብሎ፣ ሰው ግን ገና ቃሉን እየመረጠ የሚናገርበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ፣ የልጅ ልጅ አይቼም ስብሰባ ላይ «አስተያየት ያላችሁ» ሲባል መዳፌን ያልበኛል። ልጆቼ ሁልጊዜ ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛልና ልጻፈው አልኩ።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስንመረቅ ምደባው በዕጣ ነበርና ለእኔ ናዝሬት ወጣልኝ። ሩቅ አገር የደረሳቸው ጓደኞቼ ቀኑብኝ። ከመሄዴ በፊት ናዝሬትን አውቃለሁ የሚል ሰው ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ ስለ ፓፓያውና ስለ ብርቱካኑ አወራልኝ። አንዷ ከተማው ሜዳ ነው፣ ብትሄጂበት አይደክምሽም አለችኝ። አጎቴ ወባ አለ ብሎ ኪኒን ገዛልኝ። ዋሹኝ ማለቴ አይደለም፤ የነገሩኝ ሁሉ እውነት ነበር። አገባቡን ነገሩኝ እንጂ አወጣጡን ማንም አልነገረኝም።

ናዝሬት የገባሁት በሚያዝያ ነው። ቀበሌው አንድ ክፍል ቤት ሰጠኝ። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ስለነበር ከቀትር በኋላ በሙቀቱ ይንጣጣል። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ከፍቼ ወዲያው አልገባም፤ ትንሽ እስኪተነፍስ ውጭ እቆማለሁ። ውጭ ደግሞ ንፋሱ አቧራውን አንስቶ ዓይኔ ውስጥ ይሞጅረዋል። ውሃው በወረፋ ነው፤ ተገኝቶም ጨው ጨው ይላል። ከወንጂ በኩል የሚመጡ ተማሪዎቼ ሲስቁ፣ ውሃው ያጠቆረውን ጥርሳቸውን በእጃቸው ይከልላሉ።

ዘመድ አልነበረኝም። የምቀርባቸው ሰው ቢኖሩ ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ፋጡማ ብቻ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሞተውባቸው ገበያ ላይ ቅመም እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ቤቴ ገብቼ ድምፄ ሲጠፋባቸው ግድግዳውን ኳ ኳ አድርገው «አለሽ?» ይሉኛል። «አለሁ» እላለሁ። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ውጭ የማወራው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ሦስት ጊዜ የዝውውር ማመልከቻ አስገባሁ። መልስ የለም። ለጥቂት ቀን እንኳ እናቴን ጠይቄ እንዳልመጣ፣ የቀበሌው የይለፍ ወረቀት የሌለው ሰው ከከተማው መውጣት አይችልም። አውቶቡስ ተራ ወረቀቱን ይጠየቃል፤ ኬላ ላይም ይጠየቃል። ስሜ በቀበሌው መዝገብ ከሰፈረበት ቀን ጀምሮ ቁልፉ በሰው እጅ ያለ ቤት ውስጥ የምኖር ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት የቀበሌው ነዋሪ ሁሉ ለስብሰባ ተጠራ። የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር አያገኝም ስለተባለ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሊቀመንበሩ ብድግ አለና ወደ ከተማችን አዲስ የመጣን ነዋሪዎች ስለ ኑሯችን ሐሳባችንን እንድንገልጽ ጠየቀ።

«በግልጽ ተናገሩ» አለ። «ያለ ምንም ፍርሃት። ችግሩን ካልነገራችሁን እንዴት እናርመዋለን?»

ከእኔ በፊት የተነሱት ሁለት ሰዎች ብልሆች ነበሩ። አንደኛው ከተማው ለምለም ነው፣ ሕዝቡም ንቁ ነው ብሎ ተቀመጠ። ሁለተኛዋ ለተሰጣት ቤት አመስግና ተጨበጨበላት። ከዚያ ሊቀመንበሩ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ጓድ መምህርት! የተማረ ሰው ዝም ሲል አያምርም።»

ተነሳሁ። እውነት ለመናገር ስነሳ ምንም የማለት ሐሳብ አልነበረኝም። ግን የሚሰማኝ ሰው ካገኘሁ ወራት ሆኖኝ ነበርና አንዴ አፌ ሲከፈት መዝጋት አቃተኝ። ስለ ሙቀቱ ተናገርኩ። ስለ ውሃው ወረፋ ተናገርኩ። ሦስት ጊዜ አመልክቼ መልስ ማጣቴን ተናገርኩ። በመጨረሻም፣

«እንደታሰርኩ ነው የሚሰማኝ» አልኩ። «ቢፈቀድልኝ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።»

እትዬ ፋጡማ ቀሚሴን ጎትተው አስቀመጡኝ። ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ።

«በጣም ጥሩ» አለ። «ይመዝገብ።»

አጠገቡ የተቀመጠው የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ ታደለ አንገቱን ሳያቀና ጻፈ። ጓድ ታደለ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ስብሰባ ላይ የሚናገረውን ሰው ቀና ብሎ ስለማያይ ሰዉ ሁሉ ይፈራዋል። እኔም እፈራው ነበር።

ከዚያ እሑድ በኋላ ሰው ሸሸኝ። የሰደበኝ የለም። ግን መምህራን ክፍል ስገባ ወሬ ይቋረጣል፤ ውሃ ወረፋ ላይ ከፊቴም ከኋላዬም ያለው ሰው ትንሽ ራቅ ብሎ ይቆማል።

ሁለት ሳምንት አልፎ አንድ ሰኞ ከወንድሜ ቴሌግራም ደረሰኝ። «እማማ በጠና ታማለች ቶሎ ነይ» ይላል። ዳይሬክተሩ ወዲያው ፈቃድ ጻፉልኝ። ወረቀቱን ይዤ በሩጫ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ቴሌግራሙን አነበበና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ቢፈቀድልኝ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እሱ ሌላ ነው ጓድ ሊቀመንበር። አሁን እናቴ ታማ ነው።»

«ቴሌግራም ማንም ያስልካል። ያንቺ ጉዳይ ለበላይ አካል ተልኳል። መልስ እስኪመጣ ከከተማው እንዳትወጪ።»

ለመንኩት። አለቀስኩ። ጓድ ታደለ በጥጉ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል።

ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሄድኩ፤ ትኬት ቆራጩ ወረቀት ሲያጣብኝ ቀና ብሎም ሳያየኝ «ቀጣይ» አለ። በእግሬ እወጣለሁ ብዬ ወደ ሞጆ የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ። ኬላው ከሩቅ ሲታየኝ አንድ አውቶቡስ አቁመው ሰዉን በሰልፍ አውርደው ወረቀት ያያሉ። መሃል መንገድ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ወደ ከተማው የሚመለስ ጋሪ አጠገቤ ቆመ። ጋሪ ነጂው እድሜያቸው የገፋ የአርሲ ሰው ናቸው።

«አከም ጅርታ፣ እህቴ? ወዴት ነው?»

እሳቸው ኬላውን አይተው እኔን አዩኝ።

«ወረቀት የለሽም አይደል? ተይ ልጄ። ትናንት ሁለት ሰው ይዘው ወስደዋል፤ እስካሁን አልተመለሱም። ነይ ውጪ፣ ልመልስሽ።»

ወጣሁ። ፈረሱ ወደ ከተማው መንገዱን ቀጠለ። እናቴ ላለችበት አቅጣጫ ጀርባዬን ሰጥቼ እስከ ሰፈሬ ተመለስኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ያለ የመታፈን ስሜት ተሰምቶኝ አያውቅም። ያሰረኝ ሰንሰለት የለም፤ የሚጠብቀኝ ዘብ የለም፤ ሰማዩ ክፍት ነው፤ መንገዱም ቀጥ ብሎ ይታያል። ግን መሄድ አልችልም።

ረቡዕና ሐሙስ ቤቴ ዋልኩ። እትዬ ፋጡማ ገበያቸውን ትተው አጠገቤ ተቀመጡ። «አብሽሪ» ይሉኛል። «አላህ ያውቃል።» እህል አልወርድ ሲለኝ በሶ በጥብጠው ያጠጡኛል።

ዓርብ ጠዋት የቀበሌው አብዮት ጥበቃ መጥቶ የበላይ አካል ጽሕፈት ቤት እንደምፈለግ ነገረኝ። እትዬ ፋጡማ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አውልቀው አለበሱኝ። ምክንያቱን አልጠየቅሁም። እስር ቤት ብታድር ትለብሰዋለች ብለው እንደሆነ ገብቶኛል።

ስደርስ ሊቀመንበሩና ጓድ ታደለ ቀድመው ተቀምጠዋል። ከጠረጴዛው ጀርባ ሸበቶ፣ መነጽር ያደረጉ ኃላፊ ነበሩ። የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ገልጠው፣

«ይህቺ ናት?» አሉ።

«አዎ ጓድ» አለ ሊቀመንበሩ። «በሕዝብ ፊት የተናገረችው እዚያው ሰፍሯል።»

ኃላፊው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«ጓድ መምህርት የውሃው ወረፋ በተለይ ለእናቶች አስቸጋሪ መሆኑን አስረድታለች። ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል ለማመልከት፣ ቢፈቀድልኝ ነዋሪውን ወክዬ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ ብላለች።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ቃሉ የእኔ ነው፤ ነገሩ ግን የእኔ አይደለም። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ሊቀመንበሩን አዩት።

«ታዲያ ጥፋቷ ምንድን ነው?»

የሊቀመንበሩ ፊት ተለዋወጠ። «እንዲህ አይደለም ያለችው» አለ።

«ከሥር የማን ፊርማ ነው?»

ሊቀመንበሩ አጎንብሶ አየ። ፊርማው የእሱ ነበር። ሳያነብ ነው የፈረመው። ወደ ጓድ ታደለ ዞረ። ጓድ ታደለ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ያያል።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ምን ትያለሽ? ያልሽው ይህንን ነው?»

አይደለም ብል እኔም ጓድ ታደለም ጠፋን። ነው ብል ደግሞ ሊቀመንበሩ አፍጥጦ እያየኝ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቶኛል።

«እንደተጻፈው ነው» አልኩ። ከዚያ ቴሌግራሙን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አነበቡትና ለሊቀመንበሩ አቀበሉት።

«ዛሬውኑ የይለፍ ወረቀት ስጣት» አሉ።

ሊቀመንበሩ እንቢ ማለት አልቻለም። ግን ቀበሌ ስንደርስ ዋስ ጥሪ አለኝ። በሰባት ቀን ባልመለስ በእኔ ፈንታ የሚጠየቅ፣ ካስፈለገም የሚታሰር ሰው ማለት ነው። ትምህርት ቤት ሄጄ ሦስት መምህራንን ለመንኩ። ሦስቱም መሬት መሬት አዩ። አልፈርድባቸውም። ወደ ቀበሌው ስመለስ እትዬ ፋጡማ ወሬውን ሰምተው ከገበያ ሲገቡ ደረስኩ፤ እጃቸው በርበሬ እንደያዘ ነው።

«የት ላይ ነው የምፈርመው?» አሉ።

«እትዬ ፋጡማ፣ እርስዎ ይቅርብዎ፤ ልጆች አሉዎት» አልኳቸው።

«አንቺስ እናት አለሽ አይደል?» ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫኑ።

ቅዳሜ ጠዋት ተነስቼ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ደብረ ብርሃን ደረስኩ። እናቴ በሕይወት ነበረች፤ ግን ሐሙስ ዕለት አንደበቷ ተይዟል። እጄን ይዛ ዓይኔን ዓይኔን ታየኛለች። ወንድሜ እስከ ሐሙስ ድረስ «ዘነበች ደረሰች?» እያለች ስትጠይቅ እንደነበር ነገረኝ። ሰኞ ረፋድ ላይ አረፈች።

ከሣልስቱ በኋላ ወንድሜ ወደ ጓሮ ወሰደኝና «አትመለሺ» አለኝ። «ገጠር አጎታችን ዘንድ እወስድሻለሁ። ነገሩ እስኪረሳ ማንም አያገኝሽም።»

ልቤ እሺ ብሎ ነበር። ያን ቆርቆሮ ቤት፣ ያን ሊቀመንበር ዳግመኛ ላለማየት የማልሰጠው ነገር አልነበረም። ግን እሺ ለማለት አፌን ስከፍት የእትዬ ፋጡማ አውራ ጣት ታየኝ። ወንድሜን አቅፌው አለቀስኩና በስድስተኛው ቀን ተሳፈርኩ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ በራሴ እግር ናዝሬት ገባሁ።

እትዬ ፋጡማ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ሊቀመንበሩ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየመጣ «ልጅቷ የለችም?» ይላቸው እንደነበር የሰማሁት ከጎረቤት ነው። እሳቸው ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሱልኝም። አቅፈውኝ ስለ እናቴ አብረውኝ አለቀሱ።

ጓድ ታደለን ከሳምንታት በኋላ መንገድ ላይ ለብቻው አገኘሁት። ዙሪያዬን አይቼ ስለ ቃለ ጉባኤው እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩት።

«ያልሽውን ነው የጻፍኩት» አለና አለፈ። ጥቂት ተራምዶ ቆመ። «ሁለተኛ ስትናገሪ ግን ቀስ እያልሽ ተናገሪ። እጄ አይደርስልሽም።»

ከዚያ በኋላ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጥንም። በዓመቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሄደ። ራሱን ለአደጋ አጋልጦ ለምን እንደዚያ እንዳደረገልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እትዬ ፋጡማን ግን እስኪያርፉ ድረስ እንደ ልጅ ጦሬያቸዋለሁ።

እኔም ሳልወጣ ቀረሁ። ናዝሬት አግብቼ፣ ወልጄ፣ ጡረታ ወጣሁባት። ከተማዋን ወድጃታለሁ፤ አሁን ሂጂ ብባል የምሄድበት የለኝም። ልጆቼ ታሪኩን ስነግራቸው ደስ የሚላቸው የጓድ ታደለ ነገር ነው፤ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ያሉትን ቀናት ስቆጥር ሳቄ ይቋረጣል። ማክሰኞ ብሄድ ኖሮ እናቴ የምትለኝ ነገር ነበር። ያንን የከለከለኝን ሰው ይቅር ለማለት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። እስካሁን አልሆነልኝም።